ሲዲው የዘለለው ድልድይ

ዘበነ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ብሎ ከጀሪካኑ በጣሳ ውኃ ሲቀዳ፣ እህቱ እማዋይሽ የልጇን ቀሚስ ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትሰፋ አየ። ቀሚሱ የተቀደደ አይደለም። ምስራቅ ትናንት ለብሳው ስትወጣ ስትገባ ነበር፣ ደኅና ቀሚስ ነው። እማዋይሽ በወገቡ በኩል ክሩን ትንሽ ተርትራ፣ በላስቲክ የተጠቀለለች ከጣት የምታንስ ወረቀት ከተተችበትና መልሳ መስፋት ጀመረች። የላስቲኩን አፍ በሻማ አሽጋዋለች፤ ውኃ እንዳይገባ ነው። ዘበነ ጣሳውን እንደያዘ ቀረ። ያቺ ወረቀት ምን እንደሆነች ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም። የስልክ ቁጥር ናት። ባሕር ሊሻገር የሚወጣን ሰው ስልኩን ደላሎች ይነጥቁታል፣ ሻንጣውን ሲደክመው ይጥለዋል፤ ልብሱ ግን እስከ መጨረሻው አብሮት ይሄዳል። አሸዋ ላይ ወድቆ የተገኘ እንደሆነ፣ ያገኘው ሰው ወገቡን ዳስሶ ለዘመድ እንዲደውል እናቶች ያመጡት ዘዴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለወንድ ልጇ ለእንዳለው አልሰፋችለትም። ያኔ ገና አላወቀችም ነበር።

«እትዬ፣ እንደምን አደርሽ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ቀና አላለችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀሚሱን ወደ ደኅናው በኩል መለሰችው። «መኪናው በስምንት ሰዓት ነው» አለች ከዚያ፣ የገበያ ዋጋ የምትነግረው በሚመስል ድምፅ። ዘበነ «እሺ» አለ። እህትና ወንድም በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ክፍሎች እየኖሩ፣ የእንዳለው መርዶ ከመጣ ወዲህ የሚነጋገሩት ስለ ውኃ ወረፋ፣ ስለ ጨውና ስለ በር ቁልፍ ብቻ ነው። ወንድ የተባለ እዚያው ጣሳውን ወርውሮ «አትሄድም! አንዱ አይበቃም?» ብሎ መጮህ ነበረበት። ዘበነ ግን ፊቱን ታጠበ፣ ጃኬቱን ደረበና ወደ ሱቁ ሄደ። እግሩ ተሸክሞት ሄደ እንጂ እሱ አልሄደም ቢባል ይቀላል። «ቅሪ» ብሎ ለማስቀረት ደግሞ የሚሰጠው ነገር ያስፈልጋል። ክረምቱ ሁለት ሳምንት ዘንቦ ተቋርጧል። ዝቋላ ወረዳ ያለችው የአባታቸው መሬት ላይ የተዘራው ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። እማዋይሽ ጠላ ጠምቃ መሸጡን የተወችው የእህሉ ዋጋ ከጠላው ዋጋ ስለበለጠባት ነው። ምስራቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ከነጓደኞቿ ወድቃለች፤ ከትምህርት ቤቱ ያለፉት ሁለት ናቸው ይባላል።

ሱቋ ከገበያው በታች መታጠፊያው ላይ ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። በሯ ላይ «ፊልም፣ መዝሙርና ዘፈን በሚሞሪ እንጭናለን» ተብሎ ተጽፏል። ከውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ቀለሙ የለቀቀ ፖስተርና ሁለት ዱካ አሉ፤ መብራት ሲጠፋ የምትረዳው አንዲት ሶላር ጣሪያው ላይ ተሰቅላለች። ገና በሩን ሳይከፍት ያሲን ቆሞ ሲጠብቀው አገኘው። ያሲን ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በየሳምንቱ ወልዲያ ይወርዳል። አሁን ከብዶ፣ ሆዱ ቀበቶውን ደብቆት ይታያል እንጂ፣ በልጅነቱ በከተማው ቪዲዮ ቤት መጀመሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እየዘለለ የሚጮህ ጉድ ነበር።

«ማስተር! መጣልህ!»

«ምኑ?»

«ደወሉ ነዋ! እንደገና የሠሩት ፊልም፣ አዲሱ። ወልዲያ አንዱ ልጅ ጋ አግኝቼ በፍላሽ አስገለበጥኩልህ። ለዚያውም በአማርኛ የተተረጎመ!» አለና ፍላሿን መዳፉ ላይ አደረገለት። «እኔ እንዳላየው ራሴን ይዤ ነው የመጣሁ። አንተ ቀድመህ እይ ብዬ።»

ለዘበነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደገና እየተሠራ ነው የሚል ወሬ ከሰማ ዓመት አልፎታል። ተርጓሚ ሲባል ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንዳይመስላችሁ እንጂ፣ ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ጀምሮ ለዓመታት የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ እሱ ነበር። ቻይንኛው ይቅርና ከሥር የሚሮጠውን እንግሊዝኛ እንኳ አንብቦ አይደርስበትም። አፍ ሲከፈት አይቶ፣ ፊት ሲጠቁር አይቶ፣ የቀረውን ከራሱ ይሞላል። ቁምነገሩን በአማርኛ፣ ስድቡን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ያደርገዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ከሁሉ የሚወደደው ፊልም «ደወሉ» ነበር። እውነተኛ ስሙን ያወቀ የለም፤ ሽፋኑ ላይ ደወል ስላለ ደወሉ ተባለ፣ በዚያው ቀረ። ጭር ያለ ተራራ ላይ አንድ ደወል እየጠበቀ የሚኖር ሽማግሌ አለ፤ ብዙ ስለማይናገር አባ ዝምታ አሉት። መንደሩ ተቃጥሎበት የመጣ ከሲታ ወጣት አለ፤ እሱን ቀጮ አሉት። ሽማግሌው ሦስት ዓመት ሙሉ ውኃ ያሸክመዋል እንጂ አንድ ምት አያሳየውም። በመጨረሻ ሽፍቶች ደወሉን ይወስዱታል፣ ቀጮ ይከተላቸዋል፣ ገደል ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ላይ ይወጣል። ሲዲው የተቧጨረው እዚያ ላይ ነበር። ቀጮ ድልድዩ መሐል ሲደርስ፣ ሽማግሌው ከኋላው አፋፉ ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምስሉ ይንተባተባል፣ ይዘላል። ከዚያ ራሱን የተላጨ ወጣት ጀርባውን ሰጥቶ ደወሉን ሲመታ ይታይና ፊልሙ ያልቃል። የዘለለውን ቦታ ዘበነ ሞላው። «ወደ ኋላ የሚያይ የእኔ ልጅ አይደለም!» ብሎ ጮኸ በሽማግሌው ፋንታ። ቤቱ በፉጨት ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የሚገባው ያቺን ቃል ሊሰማ ሆነ። ዘበነ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ኩንግፉ ማሠልጠን ሲጀምርም ቃሏን በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ አጻፋት። ከተማሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እንዳለው ነበር። አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶበት እሱ ጉያ ያደገ የእህቱ ልጅ ነው።

በሩን ገርበብ አድርጎ ፍላሿን ሰካ። የጠዋቱ ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ «አንድ ሰዓት ብቻ» አለ ለራሱ፣ እንደ ሰካራም። መጀመሪያ ላይ ስሕተት ለቀመ። ሽማግሌው ወጣት ሆነበት፤ ጢሙ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል። የአዲስ አበባው ተርጓሚ የሴቱንም የሽማግሌውንም በአንድ በደረቀ ድምፅ ያነበንባል፤ ዜና የሚያነብ ይመስላል። ሽፍቶቹ በገመድ ተስበው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። የድሮዎቹ እግራቸው መሬት ይነካ ነበር፤ ሲወድቁ አቧራው እውነተኛ ነበር። «ይሄማ አበላሹት» ብሎ ሊዘጋው እጁን ሰነዘረና የውኃው ክፍል መጣ። በድሮው ፊልም ቀጮ ሁለት ባልዲ ተሸክሞ ሦስት ጊዜ ደረጃ ይወጣል፣ አለቀ። አዲሶቹ ግን ካሜራውን ትከሻው ላይ ብቻ አስቀመጡት። ፊቱ አይታይም። በረዶ ትከሻው ላይ ይወርዳል፣ ይቀልጣል፣ ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ዝናብ ያጥበዋል፤ የባልዲው መሸከሚያ ቀርከሃ እያደር እየለሰለሰ ያብለጨልጫል፤ ትከሻውም እያደር ይሰፋል። አንድም ቃል የለም፤ ሙዚቃ እንኳ የለም። ሦስት ዓመት በአንድ ትከሻ ላይ አለፈ። ዘበነ እጁን መለሰ። ዱካውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋ።

ከዚያ በኋላ ልቡን ሰጠው። በሻይ ቤቱ ጠብ ላይ አንድም ጡጫ አያርፍም፤ ሽማግሌው ቁጭ እንዳለ ስምንት ሰው ይመክታል፣ የሚንቀሳቀሰው ሲኒው ውስጥ ያለው ሻይ ብቻ ነው፣ አንዲት ጠብታ አትፈስም። ወጥ ቤቱ ጥግ ያለው እንስራ አፉ የተሸረፈ ነው፤ በድሮውም ፊልም በዚያው በኩል ተሸርፎ ነበር። ዘበነ እንስራውን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንስራው ለታሪኩ ምንም አይጠቅምም፤ ማንም አያየውም። ያስቀመጠው ሰው ግን ድሮውን ደጋግሞ ያየ፣ ምናልባትም እሱን በመሰለ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያየ፣ ደወሉን የሚወድ ሰው ነው። የማያውቀውን አገር ሰው ወንድሜ ሊል ቃጣው። የሚወድ ሰው እጅ ያለበት ነገር ያስታውቃል፤ ሱቅ ውስጥ ብቻውን «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» እያለ ጭኑን ይመታ ጀመር። ጠዋት ያየውን ቀሚስ ረስቶት ነበር። በኋላ ይህን ሲያስብ ከምንም በላይ ያሳፈረው ይኸው መርሳቱ ነው።

ድልድዩ መጣ። ነፋስ አለ፣ ጭጋግ አለ፣ ገመዱ ሲያቃስት ይሰማል። ቀጮ መሐል ደረሰ። ሽማግሌው አፋፉ ላይ ብቅ አለ፣ እጁን አወዛወዘ፣ አፉን ከፈተ። ዘበነ ቃሏን ሊላት ራሱም አፉን ከፍቶ ነበር። የአዲስ አበባው ሰው ቀደመው፦ «ተመለስ ልጄ! ገመዱ በስብሷል! ደወሉ ይቅር፣ አንተ ተመለስ!» ቀጮ አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ተወው። ገመዱ ተበጠሰ። ካሜራው ሲወድቅ አላሳየም፤ የሽማግሌውን እጅ ነው ያሳየው፣ አየር ላይ እንደተዘረጋ የቀረውን። ከዚያ የቀጮ ታናሽ ወንድም ከመንደሩ ተነሥቶ ተራራውን ሲወጣ፣ ራሱን ሲላጭ፣ ሽማግሌው ገደል ለገደል ዞሮ ያመጣውን ደወል ጀርባውን ሰጥቶ ሲመታ ታየ። ያ የተላጨው ወጣት ቀጮ አልነበረም። በድሮውም አልነበረም።

ዘበነ «ቀይረውታል» አለ ጮክ ብሎ። የድሮውን ሲዲ ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ አስቀምጦት ነበርና ከፈተው። ድልድዩ ላይ አመጣው። ሽማግሌው እጁን አወዛወዘ። ዘበነ አቆመው፣ መለሰው፣ እንደገና አየው። መዳፉ ወደ ውስጥ ነው። ጣቶቹ ወደ ራሱ ደረት ይሰበስባሉ። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው፣ እናት ልጇን የምትጠራበት፣ ና የሚል እጅ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን እጅ ሂድ ሲል አየው፤ ከተማውንም እንዲያ አሳየው። ምስሉ ዘለለ። ዘበነ ላፕቶፑን ዘጋው።

ትእዛዙ የሚባል የሠፈር ልጅ አለ። ከእንዳለው ጋር ወጥቶ ብቻውን የተመለሰው እሱ ነው። ጀልባ የሚነሣባት ኦቦክ ሳይደርሱ በረሃው ላይ መሪዎቹ ጥለዋቸው ጠፉ። የግማሽ ቀን መንገድ ከኋላቸው አንድ ጉድጓድ ውኃ አልፈው ነበርና ገሚሱ ወደዚያ እንመለስ አሉ። «ማስተር ዘበነ ያሠለጠነው ወደ ኋላ አያይም ብሎን ሄደ» ብሎ ነበር ትእዛዙ፣ ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የተመለሱት ተረፉ። ያን ቀን ለቀስተኛው ሁሉ «ወንድ ነበር!» ብሎ አለቀሰ፤ ዘበነም አብሮ አለቀሰ፣ ትንሽም ኮራ። አሁን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ያ ኩራት እንደ መርዝ ወደ አፉ ተመለሰበት። ልጁን የገደለው ሲዲ ላይ ያለች ጭረት ናት፤ ጭረቷን የሞላው ደግሞ የእሱ ምላስ ነው። ተነሣ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። ፊልሙን ወደ ስልኩ ገልብጦ ሱቁን ሳይቆልፍ ወጣ።

እቤት ሲደርስ ምስራቅ የለችም። እማዋይሽ በሶ በላስቲክ እየቋጠረች ነበር። ክፍሏ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ነጠላ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ግማሽ ሳሙና፣ የጸሎት መጽሐፍ። ምስራቅ ይህን ሁሉ ይዛ እንደማትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ እናቲቱ ግን አንዱን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታነሣለች። ዘበነ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ። መንገዱን ሙሉ «እትዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ያቺን ቃል ከራሴ ነው ያወጣኋት» ብሎ ለመጀመር ተለማምዶ ነበር።

«እትዬ፣ እንዳትሄድ ንገሪያት» አላት።

«ሂጂ አላልኳትም» አለች እማዋይሽ። «ቅሪ የምልበት አፍ ደግሞ ከየት ላምጣ? ትናንት ማታ የበላችው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በልቻለሁ ብላኝ ነው የተኛች። እኔም በልቻለሁ ብያት ነው የተኛሁ።» በሶውን አጥብቃ ቋጠረችው። «ለሷ አልፈራም እንዳልልህ፣ እፈራለሁ። ሴት ናት። ግን የእንዳለው እህት ናት። እሱ እኮ ሌሎቹ ሲመለሱ አልተመለሰም። ሰው ሁሉ ይሞታል፣ ማን ነው እንደሱ የሞተ? ያንተ ትምህርት ነው፣ እግዜር ይስጥህ። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እሱን አስባለሁ፤ ልጄ ፊቱን አላዞረም እላለሁ፣ ከዚያ ይወስደኛል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ያህል አውርታው አታውቅም። ዘበነ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደው። የተለማመደውን ንግግር ተወው። እግዜር ይስጥህ የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ ይናገር? እህቱ ያላት ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም ልንጠቅሽ ማለት ነው። በሶውን ከእጇ ተቀበላት። «እኔ አደርስላታለሁ» አለ።

መኪናው መናኸሪያ አይገባም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የድንጋይ ካቡ ጥላ ውስጥ የቆመ አይሱዙ ነው፤ ባዶ ሳጥንና ጆንያ የጫነ ይመስላል፣ ከጆንያው መሐል ግን ሰው ይቀመጣል። አሥራ አንድ ያህል ናቸው፤ አብዛኞቹ ከአበርገሌና ከዝቋላ የመጡ፣ ማንም ሳይሸኛቸው ካቡ ላይ ተደርድረው የሚጠብቁ። ምስራቅ ዳር ላይ ብቻዋን ቆማለች። ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ያንን ቀሚስ ለብሳ፣ በላዩ የወንድሟን ሹራብ ደርባለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ በሹራቡ ውስጥ ግን አሥራ አምስት ትመስላለች። ዘበነን ስታየው ዓይኗ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ልትቆጣኝ ከሆነ ጊዜ የለም። ሾፌሩ ምሳ እየበላ ነው» አለች።

«አልቆጣም። አንድ ነገር ላሳይሽ ነው የመጣሁት። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ አለ። ዘበነ ጃኬቱን አውልቆ በሁለቱም ራስ ላይ ጣለውና ከሥሩ ስልኩን ያዘላት። ምስራቅ ልጅ እያለች ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም ተብላ፣ በቆርቆሮው ስንጥቅ ጆሮዋን ለጥፋ የእሱን ድምፅ እየሰማች ነው ያደገችው። ደወሉን በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። በጃኬቱ ጨለማ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማዋል። ድልድዩን አየች። የሽማግሌውን እጅ አየች። «ተመለስ ልጄ» የሚለውን ሰማች። ገመዱ ሲበጠስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዘበነ የሆዱን ሁሉ እዚያው በሹክሹክታ ነገራት፤ ስለ ጭረቱ፣ ቃሏን ከየት እንዳመጣት፣ ሽማግሌው በሁለቱም ፊልም ና እንጂ ሂድ እንዳላለ። «እንዳለው በእኔ ነው የሄደው። አንቺም በእኔ እንዳትሄጂ። ወደ ኋላ ማየት ነውር አይደለም። ነውር ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዋሽቼ» አላት።

ምስራቅ ጃኬቱን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። ፊቷ በላብና በእንባ ርሷል። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ድልድዩን እንደገና አየችው፣ ብርሃኑ ውስጥ፣ ምንም በማይታይበት።

«እሺ፣ ገባኝ» አለች። «ድልድዩ ይበጠሳል። እኔም አውቃለሁ፣ እነዚህም ሁሉ ያውቃሉ፤ ማንም ሳያውቅ የሚሄድ የለም ጋሼ። ግን ሽማግሌው ተመለስ ሲለው የቆመበት ቦታ ላይ ቤት አለ። እሳት አለ፣ እንስራ ሙሉ ውኃ አለ፤ ሲመለስ የሚበላው አለ።» ስልኩን መለሰችለት። «አሁን አንተ ተመለሺ በለኝ። እመለሳለሁ። በእማዬ ሞት እመለሳለሁ። ገና አልቆረጥኩም፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው ቅሪ ይለኝ እንደሆን ነው የምጠብቀው። ግን ተመለሺ ስትለኝ፣ ነገ ጠዋት ምን እንደማደርግም አብረህ ንገረኝ። ከነገ ወዲያም። ሌላ አልጠይቅህም።»

ዘበነ አፉን ከፈተ። የዚህን ሰው አፍ ሰቆጣ ታውቀዋለች። የማያውቀውን ቋንቋ ሲተረጉም አንድ ቀን ቃል አጥሮት አያውቅም፤ የተበጠሰውን ይቀጥል፣ የዘለለውን ይሞላ፣ የሞተውን ያስነሣ ነበር። አሁን በጭንቅላቱ ሱቁን አየ፤ በቀን አንድ ሰው ሁለት ሰው የሚገባባትን። ደርቆ የቆመውን ማሽላ አየ። ሁለት ሴቶች ተርበው እርስ በርስ በልቻለሁ የተባባሉበትን ክፍል አየ። «እኔ አለሁልሽ» ሊል ፈለገ፣ አለሁ የሚለው ቃል ምን ይዞ እንደሚቆም ግን አላወቀም። ትናንት ቢሆን ደፍሮ ይዋሻት ነበር። ዛሬ ውሸት የሚያደርገውን አይቷል። ምስራቅ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጠበቀችው። ሾፌሩ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ መጣ፣ ካቡ ላይ ያሉት ተነሥተው መሳፈር ጀመሩ፣ ሞተሩ ተነሣ፤ እሷ እንደቆመች ጠበቀችው። አንዲት ልጅ «ምስራቅ፣ ነይ እንጂ!» ብላ ጠራቻት። አሁንም ጠበቀችው።

ከዚያ «አይዞህ» አለችው፤ እሷ ናት እሱን አይዞህ ያለችው። ጎማውን ረግጣ ወጣች። ከላይ ሆና እጇን ስትዘረጋ ዘበነ በሶውን አቀበላት። አቀበላትና መኪናው ሲንቀሳቀስ ጥቂት አብሮ ተራመደ። ምስራቅ በጆንያው ላይ ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳታሳያት! አደራ! እሷ በሕይወት ያለችው በዚያች ቃል ነው!» ብላ ጮኸችለት። አቧራው መጣና ሸፈናት።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዘበነ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። በገበያው ዞረ፣ ያሲን ከሱቁ ሆኖ «ማስተር፣ እንዴት ነው? ከድሮው ይበልጣል?» ብሎ ሲጠራው «ይበልጣል» ብሎት አለፈ። እውነቱን ነው። ከሁሉም ከሁሉም የሚያቃጥለው ፊልሙ ማማሩ ነበር። ባይወደው ኖሮ «ውሸታሞች፣ አበላሹት» ብሎ ይገላገል ነበር። እንስራውን በዚያው በኩል ሸርፎ ያስቀመጠ ሰው ግን ድልድዩ ላይ አይዋሽም።

እማዋይሽ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልጋው ላይ የነበረው ዕቃ ሁሉ ተሰብስቧል። ነጠላዋን አፏ ድረስ ተከናንባ መንገዱን ታያለች።

«ወጣች?» አለችው።

«ወጣች።»

«አለቀሰች?»

«ኧረ! እየሳቀች ነው የወጣችው» አለ ዘበነ። «ሾፌሩን ሳይቀር አሳቀችው።»

እማዋይሽ ቀና ብላ አየችው። ልጇን ታውቃታለች፤ ወንድሟንም ታውቀዋለች። ሲዋሽ ድምፁ ሰፋ፣ ወፈር እንደሚል ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለች። አልተቆጣችም። ደፉ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና «ቁጭ በል» አለችው። «ከዚያስ?»

ዘበነ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከዚያ እንደ ድሮው ከራሱ እየሞላ ቀስ ብሎ ጀመረ። መኪናው ኮረምን አልፎ ቁልቁል ወረደ አላት። ከአጠገቧ የተቀመጠችው የአበርገሌ ልጅ ጨዋ ናት፣ እህትማማች ሆኑ። ወልዲያ አንዲት ሴትዮ ቤት አደሩ፤ ሴትዮዋ ሽሮ ሠራችላቸው፣ ጠግበው በሉ። ሚሌ ላይ ሙቀቱ በረታ፣ ምስራቅ ግን ሻሿን ውኃ ነክራ ራሷ ላይ አደረገችው። መሪው ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ሌሊት ሌሊት እያስኬደ ቀን ጥላ ውስጥ ያሳርፋቸዋል፣ ውኃ አያስጨርሳቸውም። እማዋይሽ ዓይኗን ጨፍናለች። በየመሐሉ «እሰይ» ትላለች፣ በየመሐሉ «እግዜር ይስጠው» ትላለች። ዘበነ እያንዳንዷን ቀን፣ እያንዳንዷን ኮረብታ ከሆዱ እያወጣ በረሃውን አሻገራት። ላቡ በጀርባው ይወርድ ነበር።

«ባሕሩ ዳር ደረሱ» አለ። «ጀልባው ቆሞ ይጠብቃል። ሰዎቹ ጫማቸውን አወለቁ። ምስራቅ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ውኃው ውስጥ ገባች፣ እስከ ጉልበቷ...»

እዚያ ላይ ድምፁ ሄደ። አፉ ተከፍቷል፣ የሚወጣ ነገር የለም። እማዋይሽ ዓይኗን አልገለጠችም። እጇ ብቻ እየዳበሰ መጥቶ ክንዱን አገኘው፤ ጥፍሯ ቆዳው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ጨበጠችው።

«ከዚያስ?» አለችው።